የቦኒ ኤም «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ነጠላ ሸክላ፦ የት የት አንደኛ ወጣ? እኔ ጋስ ለምን ወፍሮና ተጎትቶ ይጫወታል?

ሰበታ ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የዲስኮ ቡድኑ የቦኒ ኤም «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ባለ 7 ኢንች ሸክላ እጄ ላይ አለ። ሌብሉ (መሀሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት) ሀንሳ ኢንተርናሽናል ይላል፣ ከጎኑ «ጌማ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለው፤ ጀርባው «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ» ነው። የመሀሉ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ከቡሽ ቆርጬ ማስገቢያ ሠርቼለታለሁ። ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በቺንጋ የሚዞር፣ ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ተጽፎበታል፤ በትራንስፎርመር ነው የምሰካው።

የቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመሪዋ ሴት ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይመስላል፣ ምቱም ተጎትቷል። ግን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉት ነጥቦች በራሱ ትንሽ መብራት ሲታዩ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ትክክል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዜማው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስተኛ፣ ከታች «እምምም» የሚል ድምፅ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ እዚሁ ሰበታ ለሚደረግ የሙዚቃ ዝግጅት ከአጭር ማስተዋወቂያ ጋር ላሰማው ነው ያሰብኩት። ስለ ደረጃው የሚነገረኝ ደግሞ እርስ በርሱ አይገናኝም። አንዱ «በአሜሪካም አንደኛ ነበር» ይላል፣ ሌላው «እንግሊዝ ውስጥ ወር እንኳ አልቆየም» ይላል፣ ሦስተኛው «መዝሙር ነው እንጂ ዲስኮ አይደለም» ይላል። የተሳሳተ ነገር መናገር አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

———

ካራቆሬ ቺንጋ፦

ሰላም ወንድሜ። ነጥቦቹ ናቸው ያሳሳቱህ። ያ ትንሽ መብራት የሚበራና የሚጠፋው በኤሌክትሪኩ ኸርዝ (በሴኮንድ በሚመላለስበት ብዛት) እጥፍ ነው፤ አሜሪካ በሴኮንድ 120 ጊዜ፣ እኛ ጋ 100 ጊዜ። ያንተ ማጫወቻ ለ45 ዙር (ይህ ሸክላ በደቂቃ መዞር ያለበት) የተሠራው ረድፍ 160 ነጥብ አለው፣ ይህም ለ60 ኸርዝ ነው። እነዚያው 160 ነጥቦች በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ቆመው የሚታዩት ሳህኑ በደቂቃ 37 ተኩል ሲዞር ነው። ሞተሩም ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ የሚዞረው ልክ 37 ተኩል ነው። ሞተሩም ነጥቡም እኩል ስለተሳሳቱ ተስማምተው ቆመው ታዩህ። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ቮልቱን ነው የሚያወርደው፣ ኸርዙን አይነካም።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፍ፣ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ የስልክህን ሰዓት ይዘህ 2 ደቂቃ ቁጠር። 90 ከመጣ ትክክል ነው፤ 75 ከመጣ እኔ ያልኩህ ነው። መርፌው ሳይነካ አትቁጠር፣ የላላ ቺንጋ የሚታወቀው ጭነት ሲኖረው ነው።

በ37 ተኩል ሲዞር ዜማው ከሦስት ግማሽ ድምፅ ትንሽ በላይ ይወርዳል፤ 4 ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይሆናል። የመሪዋ ዘፋኝ የሊዝ ሚቸል ድምፅ የወፈረብህ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ፑሊ ናት። ምንጣፉንና ሳህኑን አንሳ፤ ሁለት ደረጃ ያላት ትንሽ ናስ ታያለህ፤ ቀጭኑ ለ33፣ ወፍራሙ ለ45 ነው። 50 ኸርዝ ላይ ሁለቱም በ20 ከመቶ መወፈር አለባቸው። ቶርኖ ቤት ወስደህ ስታስቀርጽ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ የናሱን ስፋት ብቻ በ1.2 አታባዛ። ቺንጋው የራሱ ውፍረት አለው፤ መጀመሪያ ስፋቱ ላይ የቺንጋውን ውፍረት ደምር፣ በ1.2 አባዛ፣ ከዚያ ውፍረቱን መልሰህ ቀንስ። ለምሳሌ የ45ቱ ደረጃ 12 ሚሊ ሜትር፣ ቺንጋው 0.6 ቢሆን፦ 12.6 በ1.2 ሲባዛ 15.12፣ 0.6 ሲቀነስ 14.52። ዝም ብለህ 12ን በ1.2 ብታባዛ 14.4 ይመጣል፤ ሳህኑም ወደ 1 ከመቶ ገደማ ይዘገያል። የመጀመሪያዋን ፑሊ በካሊፐር ለክተህ ለሠራተኛው ስጠው፣ «እንደዚህ አድርገህ አወፍርልኝ» ብቻ ብለህ አትተወው። የዘንጉ ቀዳዳ መሀል ላይ ካልዋለ ዜማው በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ ቀዳዳውንና ውጪውን ከቶርኖው ሳያወጣ በአንድ አያያዝ እንዲቀርጻቸው ንገረው። የፑሊዋ ወገብ በመሀሉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ከሆነ ያንን ቅርጽ ይጠብቅ፤ ቺንጋው ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው።

ሞተሩንም እይ። ለ60 ኸርዝ የተጠቀለለ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ በ120 ቮልት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል። ለ50 ኸርዝ የሚስማማው 100 ቮልት አካባቢ ነው። ትራንስፎርመርህ የ100 ቮልት መውጫ ካለው በእሱ ሥራ፤ ከሌለው ግማሽ ሰዓት አጫውተህ ከታች በእጅህ ዳስሰው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እያሳረፍክ ተጠቀም።

ከፍ ዝቅ የሚለው ደግሞ የቡሹ ጥፋት ነው። ሰፊው ቀዳዳ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ቡሽ በቢላ ሲቆረጥ ክብ አይሆንም። ሸክላው ከመሀሉ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሸሽ በመሀለኛው ጎድጓድ ላይ ፍጥነቱ 1.4 ከመቶ ገደማ እየወጣ ይወርዳል፣ በየዙሩ አንዴ። ወደ ሌብሉ በቀረብክ ቁጥር ይብሳል፤ ዘፈኑ መጨረሻ አካባቢ ይበልጥ የሚሰማህ ለዚህ ነው። ለማየት ከፈለግህ ሲዞር የመርፌውን ክንድ ከፊት ሆነህ ተመልከት፤ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ሸክላው መሀል ላይ አይደለም። ያንኑ ናስ የሚቀርጽልህ ሰው ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ ማስገቢያ ያውጣልህ፤ የውስጥ ቀዳዳው በማጫወቻህ ዘንግ ልክ ይሁን፣ ከ7 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

እምምም የሚለው፦ ከማጫወቻው ጀርባ ከሁለቱ ጃኮች ጋር የሚወጣ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ጫፉ ሹካ የመሰለ። እሱ ማሳ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ለዚሁ የተሠራችው ብሎን ላይ እሰረው። ያም ሆኖ ካልጠፋ ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው አንድ ሜትር ያህል አርቀው፤ የመርፌው ራስ ጥቅል ሽቦ የትራንስፎርመሩን ማግኔት ይስባል። ትራንስፎርመሩን ቦታ ስትቀይረው ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ የእሱ ነው።

———

የለገጣፎ ሸክላ፦

ስለ ደረጃው እኔ ልመልስ ልጄ። ሦስቱም የነገሩህ ነገር በከፊል ከአንድ እውነት የተቆረሰ ነው፤ ችግሩ የአገሩን ስም ጥለውታል። «አንደኛ ወጣ» ሲባል የየት አገር፣ ምን የሚቆጥር ሰንጠረዥ ብለህ ጠይቅ።

ጀርመን ውስጥ በ1978 (በእኛ 1970 ዓ.ም.) 17 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። የትውልድ ቦታው ስለሆነ አያስገርምም፤ ፕሮዲውሰሩ ፍራንክ ፋሪያን ጀርመናዊ ነበር፣ ሀንሳም የበርሊን ኩባንያ ነበር። ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየም፣ ኖርዌይ፣ ሩቅ ደግሞ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እንዲሁ አንደኛ ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ የቢ ጂስን «ናይት ፊቨር» አውርዶ ግንቦት 5 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1978) አንደኛ ሆነ፤ 5 ሳምንት ከቆየ በኋላ ቦታውን ለጆን ትራቮልታና ለኦሊቪያ ኒውተን-ጆን ለቀቀ። 5 ሳምንት አንድ ወር ከሳምንት ነው፤ «ወር አልቆየም» ያለህ ሰው ተሳስቷል። ሽያጩ እዚያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ለንጽጽር፣ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ነጠላ ሸክላ ፕላቲነም የሚሰጠው 1 ሚሊዮን ሲሸጥ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን ዋናው የዘፈን ሰንጠረዥ ከሆነው ከቢልቦርድ ሆት 100 ላይ 30ኛ ነው የደረሰው። እዚያ ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ የገባላቸው ብቸኛ ዘፈን ይኸው ነው፤ «ዳዲ ኩል»ም «ማ ቤከር»ም አልደረሱበትም። ልዩነቱ ከአቆጣጠርም ይመጣል። የእንግሊዙ ሰንጠረዥ የሱቅ ሽያጭን ብቻ ይቆጥር ነበር፤ የአሜሪካው የሬዲዮ ጣቢያዎችን ዝርዝር ከሽያጩ ጋር ይደምር ነበር። እዚያ ሬዲዮ ያላነሳው ሸክላ ሰው ቢገዛውም ወደ ላይ አይሄድም ነበር።

የሸክላህን አገር ከሌብሉ ማወቅ ትችላለህ። ይህ ነጠላ እንግሊዝ ውስጥ በአትላንቲክ፣ አሜሪካ ውስጥ በሳየር ስም ነው የወጣው። ሀንሳና ጌማ (የጀርመን የሙዚቃ መብት ድርጅት) አብረው ካሉ የጀርመን እትም ነው ማለት ነው። ይህን የምልህ ከታች ለሚመጣው ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ ነጠላዎች ብዙ ጊዜ ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ይሠሩ ነበር፣ አያያዙም አስተጣጠቡም ይለያል።

———

የጫኝ መንገድ፦

መርፌው እየዘለለ ካስቸገረህ ከራሱ ላይ 10 ሳንቲም አስቀምጥበት። ፍጥነቱንም ኮምፒዩተር ላይ ቴምፖውን 20 ከመቶ ብትጨምር ይስተካከላል፣ ናስ ማስቀረጽ ምን አደከመህ?

———

ቡራዩ ቀረጻ፦

ሁለቱም አይሆንም፣ ምክንያቱን ልጻፍ።

ሳንቲሙ መርፌው ላይ ያለውን ክብደት ከተሠራለት በላይ ይጨምረዋል። ማግኔት ያለው የተለመደ ራስ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ነው የሚፈልገው። ከዚያ ሲያልፍ መርፌው የያዘበት ቀጭን ዘንግ ይጎብጣል፣ የጎድጓዱ ግድግዳ ይላጫል፣ ከፍተኛው ድምፅ (የሲምባሉ፣ የ«ስ» ፊደሉ) ይጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም። መርፌ የሚዘለው ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ወይም ማጫወቻው ውሃ ልክ ሆኖ ባለመቀመጡ ነው። መጀመሪያ በውሃ ልክ አስተካክል። ከዚያ ከክንዱ በስተኋላ ያለውን ክብደት እያዞርክ ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ አድርስ፣ የቁጥር ቀለበቱን ብቻ ዜሮ ላይ አምጣ፣ ከዚያ ቀለበቱንና ክብደቱን አብረህ ወደ 2 ግራም አዙር። አንቲ-ስኬቲንግ የሚባለውንም (ክንዱ ወደ መሀል እንዳይሳብ የሚይዘውን) እዚያው 2 ላይ። ራሱ ሌላ ቁጥር ከተጻፈበት የተጻፈውን ያዝ።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ ቴምፖ ብትቀይር ምቱ ይፈጥናል እንጂ ድምፁ ወፍራም እንደሆነ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ የዜማውን ከፍታ ይዞ ጊዜውን ብቻ ስለሚያሳጥር ድምፁም ይቆራረጣል። የምትፈልገው ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ስፒድ የሚለውን ነው፣ ማባዣው 1.2። እሱ ፍጥነትንም ከፍታንም አብሮ ይመልሳል። ፑሊው እስኪሠራ ለዝግጅቱ ይህ ይበቃል። ግን በተሳሳተ ፍጥነት ሲቀረጽ የፎኖ ማጉያው (የመርፌውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው) የባስና የትሬብል ማስተካከያ ያለቦታው ይውላል፤ ከፍጥነቱ ማስተካከያ በኋላ ድምፁ ከመጀመሪያው ትንሽ የተለየ ይሆናል። ለማስቀመጥ የሚቀረጸውን ናሱ ከተቀየረ በኋላ ድገመው።

ቀረጻው እንዲህ ይሁን። ማጫወቻውን በቀጥታ ላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ላይ አትሰካ። የማይክ ቀዳዳ አብዛኛው ሞኖ ነው፣ በጣም ያጎላል፣ ለማይኩ ብሎ ትንሽ ቮልት ይልካል፤ ግራና ቀኝህን አጥተህ የተሰነጠቀ ድምፅ ትቀዳለህ። ማግኔት ያለው ራስ የሚያወጣው 3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ በፎኖ ማጉያ ማለፍ አለበት፤ አምፕሊፋየርህ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ ካለው እዚያ ግባ፣ ከአምፕሊፋየሩ «ቴፕ አውት» ወይም «ሬክ አውት» ከሚለው ወጥተህ ላይን መግቢያ ባለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ወደ ላፕቶፑ ግባ። በተራው ቀዳዳ ከገባህ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ይሆናል፣ ባስ የለውም። በስፒከር መውጫ ግን በፍጹም እንዳትቀዳ፣ ካርዱን ታቃጥለዋለህ።

44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት አድርግ። መጀመሪያ የዘፈኑን ጮክ የሚለውን ክፍል አጫውተህ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ መጠኑን አስተካክል፤ ቀይ ከነካ በኋላ ዝቅ ብታደርገው የተቆረጠው አይመለስም። ስቴሪዮ ፋይሉ በደቂቃ 16 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሁለቱም ገጽ ላፕቶፕህን አያጨናንቅም። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለህ በባትሪ ቅዳ፤ ማሳው ታስሮ ትራንስፎርመሩም ርቆ እምምም የሚል ከቀረ ቀሪው ብዙ ጊዜ ከቻርጀሩ ነው የሚመጣው። ያልተነካውን ዋቭ (ያልታመቀውን የድምፅ ፋይል) ለብቻው አስቀምጥ። ጠቅታዎቹን በቅጂው ላይ አንድ በአንድ አጉልተህ አንሳ፤ ሙሉውን ፋይል ለአውቶማቲክ ማጥሪያ ብትሰጠው የከበሮውን ጫፍ እንደ ጠቅታ ቆጥሮ ይበላዋል።

———

ሱሉልታ መውጫ፦

ከመቅዳትህ በፊት እጠበው። አፈሩ፣ የኮብልስቶኑና የግንባታው አቧራ በከተማ ዳር ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ላይ ያርፋል፣ ድንጋይ ነው። ደረቅ ጨርቅ ይዘህ ብትጠርገው ጎድጓዱን በአሸዋ ማሸት ማለት ነው።

ዲስትልድ ውሃ ግማሽ ሊትር፣ የላርጎ አንድ ጠብታ ብቻ። አንድ ነው ያልኩት፤ ከበዛ ሲደርቅ ጎድጓዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀርና መርፌው ላይ ይጠቀለላል። ዲስትልዱን የመኪና ባትሪ ከሚሸጡ ቤቶች ታገኘዋለህ፤ እዚያ ግን አሲዱም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ «ለባትሪ» ብለህ ሳይሆን «ዲስትልድ ውሃ» ብለህ ጠይቅ፣ የታሸገውን ውሰድ። የጣት አሻራና ቅባት ካለበት ከመድኃኒት ቤት አይሶፕሮፒል አልኮል ገዝተህ ከአሥር እጅ አንዱን ጨምር። ያንተ የጀርመን ቪኒል ስለሆነ ይችላል፤ የስታይሪን ሸክላን ግን አልኮል እንዳታስነካው፣ ይጎዳዋል። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ አሴቶን ለማንኛውም ሸክላ አይሆንም።

ሌብሉን በብርጭቆ አፍ ወይም በክብ ክዳን ሸፍነው፣ ከረጠበ ቀለሙ ይለቃል። ለስላሳ ጨርቅ (የመነጽር መጥረጊያው ጥሩ ነው) አርጥበህ የጎድጓዱን አቅጣጫ ተከትለህ ዙርያውን አሽ፤ ከመሀል ወደ ዳር አይሆንም። በንጹሕ ዲስትልድ ድገመው፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ በቁመቱ አቁመህ አድርቀው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀን የሚሞቀው መደርደሪያ ላይም በጀርባው አታስተኛው፣ ይጣመማል። ታኅሣሥና ጥር አየሩ ሲደርቅ ሸክላው ኤሌክትሪክ ይዞ አቧራ ይስባል፤ ከልባሱ ስታወጣው ቀስ በል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ቢነሳ የጄኔሬተሩ ኸርዝ ልክ 50 አይሆንም። 52 ከሆነ ያ ሞተር 4 ከመቶ ይፈጥናል፣ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣ በተነሳ ቁጥር ዘፈኑ ሲያዘግም ትሰማዋለህ። ርካሽ ኢንቨርተርም የሞገዱ ቅርጽ ስለተቆራረጠ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ለዝግጅቱ የተቀዳውን ፋይል ዝግጁ አድርገህ ያዝ።

———

ሰበታ ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 2 ደቂቃ ቆጠርኩ፣ 75 ነው የመጣው። ማሳውን ሳስረው እምምሙ በጣም ቀነሰ፣ ትራንስፎርመሩን ሳርቀው ጠፋ። ፑሊውን ለክቼ ለቶርኖ ሰጥቻለሁ።

ጋሼ ለገጣፎ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የጀርባው ዘፈንም ሰንጠረዥ ላይ ነበር የሚሉ አሉ፣ አንድ ሸክላ እንዴት ሁለት ጊዜ ይወጣል? ሌላው፣ ዘፈኑ ከእኛ ንጉሥ ጋር ይያያዛል የሚባለው እውነት ነው?

———

የለገጣፎ ሸክላ፦

ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጀርባው ጉዳይ የሚገባህ አቆጣጠሩን ስታውቅ ነው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ የተመረጡ ሱቆች የሸጡትን እያንዳንዱን ሸክላ መለያ ቁጥር በደብተር እየመዘገቡ ይልኩ ነበር። ቁጥሩ የሸክላው እንጂ የዘፈኑ አይደለም፤ ገዢው የትኛውን ገጽ ፈልጎ እንደገዛው ደብተሩ አያውቅም። «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ከአንደኝነት ወርዶ እስከ 20ኛ አካባቢ ሲንሸራተት የሬዲዮ ጣቢያዎች ሸክላውን ገልብጠው «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ»ን ማጫወት ጀመሩ። የጃማይካ የልጆች ጨዋታ ዘፈን ነው፣ እንደኛ እቴሜቴ ክብ ሠርተው አንዷን መሀል አድርገው የሚጫወቱት። ሕዝቡ ያንኑ ሸክላ እንደገና ይገዛ ጀመር፣ ሰንጠረዡም ሁለቱን ስም በአንድ መስመር እየጻፈ ተመልሶ እስከ 2ኛ ወጣ። በጠቅላላው 40 ሳምንት ሰንጠረዥ ላይ ቆይቷል። 2 ሚሊዮኑ የመጣው ከሁለቱም ገጽ ነው። ስለዚህ በዝግጅቱ ላይ አንዱን ገጽ ብቻ ካሰማህ ግማሹን አስቀርተሃል ማለት ነው፤ እባክህ ገልብጠው።

ወደ ንጉሡ እንምጣ። ዘፈኑ የቦኒ ኤም አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ሜሎዲያንስ የሚባሉ የጃማይካ ዘፋኞች ያወጡት ነው፤ ሌብሉ ላይ ከፋሪያን ስም ጋር ዳው እና ማክናውተን የሚሉትን ፈልግ፣ የሜሎዲያንስ ሰዎች ናቸው። ቃሉ የዳዊት ነው፤ በእኛ ዳዊት 136፣ በሌሎቹ አቆጣጠር 137። በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት የጽዮን ምርኮኞች። ማስተዋወቂያህ ላይ ቁጥሩን ስትጠቅስ የትኛውን አቆጣጠር እንደያዝክ ተናገር፤ አንዱ አድማጭ 136 ከፍቶ ሌላው 137 ከፍቶ እንዳይከራከሩብህ። «የአፌ ቃልና የልቤ አሳብ» የሚለው ክፍል ደግሞ ከሌላ መዝሙር ነው፤ በእኛ 18፣ በእነሱ 19።

ሜሎዲያንስ ራስታዎች ናቸውና መጽሐፉ «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን» ያለውን «የንጉሥ አልፋን ዜማ» ብለው ለወጡት። ንጉሥ አልፋ ለራስታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ እቴጌ መነን ደግሞ ንግሥት ኦሜጋ። ፋሪያን ዘፈኑን ለአውሮፓ ዳንስ ቤት ሲያዘጋጀው ያችን ቃል አውጥቶ ወደ መጽሐፉ መለሳት፤ «የጌታን ዜማ» ሆነ። ከዚያው መዝሙር 18 ቁራጭ ጫፍ ላይ ራስታዎቹ ጃንሆይን የሚጠሩበት ቃል ነበር፣ እሱንም «እዚህ ዛሬ ማታ» በሚል ተካው። ስለዚህ 17 ሳምንት ጀርመን ውስጥ አንደኛ የሆነው ቅጂ ውስጥ የእኛ ንጉሥ ስም የለም። ወጥቷል። ይህን ለሰበታ አድማጭ ካልነገርክ ለማን ትነግራለህ? ሁለቱን ቅጂ ካገኘህ ያችን አንዲት መስመር ብቻ ተከታትላ እንድትሰማ አድርግ፤ የሜሎዲያንሱ በሬጌ ምት ዘና ብሎ ይሄዳል፣ የፋሪያኑ ከሥር ከበሮው በየምቱ እኩል ይረግጣል፣ ድምፆቹም ተደራርበው እንደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይሞላሉ። «መዝሙር ነው» ያለህ ሰው ቃሉን ሰምቶ ነው፣ «ዲስኮ ነው» የሚለው ከበሮውን።

አንድ ጥንቃቄ፦ ፎቶው ላይ የሚታዩት አራቱ ሁሉ ዘፍነዋል አትበል። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰሙት የሴት ድምፆች ሊዝ ሚቸልና ማርሻ ባሬት ናቸው፣ እዚህ መሪዋ ሊዝ ናት፤ የወንዱን ድምፅ የሚያወጣው ራሱ ፋሪያን ነው። ከአራቱ ወንዱ ቦቢ ፋረል መድረክ ላይ ይጨፍርና አፉን ያንቀሳቅስ ነበር። ለዚያ ጭፈራው ክብር ይገባዋል፣ ሰው ያስታወሰውም በእሱ ነው፤ ግን ድምፁ የእሱ አይደለም።

———

ሰበታ ማዶ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የማነበውን እንዲህ ጻፍኩት፣ ያርሙልኝ፦

«ይህ ሸክላ በ1970 ዓ.ም. በጀርመን የታተመ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 17 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ አሜሪካ ውስጥ 30ኛ ደርሷል። ቃሉ በእኛ ዳዊት 136 ላይ ያለው ሲሆን መጀመሪያ የዘፈኑት የጃማይካዎቹ ሜሎዲያንስ በ1970 ዓ.ም. የንጉሥ አልፋን ስም አስገብተውበት ነበር። ከፊቱ በኋላ ጀርባውን እናሰማችኋለን።»

———

የለገጣፎ ሸክላ፦

ሁለት ቦታ አርም። 17 ሳምንቱ የጀርመን ነው፣ ለእንግሊዝ አትስጠው፤ የእንግሊዙ 5 ሳምንት ነው፣ 2 ሚሊዮኑ ግን የእንግሊዝ ሽያጭ ነው። ሌላው ዓመቱ፦ የሜሎዲያንሱ 1970 የፈረንጅ ነው፣ የቦኒ ኤሙ 1970 የእኛ ነው። እንዳለ ካነበብከው ሁለቱ በአንድ ዓመት የወጡ ይመስላል፣ በመካከላቸው ግን 8 ዓመት አለ። «በ1962 ዓ.ም. አካባቢ» ብለህ በእኛው አቆጣጠር ጻፈው።

———

ካራቆሬ ቺንጋ፦

ፑሊው ሲመጣ የድሮውን እንዳትጥል፣ ማጫወቻው ተመልሶ 60 ኸርዝ አገር ቢሄድ ያስፈልጋል። ነጥቦቹን ደግሞ ከዚህ በኋላ አትያቸው፤ ሳህኑ በትክክል 45 ሲዞር በእኛ መብራት ወደፊት የሚሮጡ ይመስላሉ። ፕላስተሩን ለጥፈህ ቁጠር፣ በ2 ደቂቃ 90።